«አላውቅም» የምትል መምህርት፦ ቱሉ ዲምቱ ስላለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲገባ፣ ከመጨረሻዎቹ ብሎኮች ጀርባ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ግቢ አለ። ግቢው ቀድሞ መኖሪያ ቤት የነበረ ሲሆን፣ አሁን አራት መማሪያ ክፍሎች፣ አንድ ማእድ ቤትና ሰፋ ያለ ጓሮ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል። ከአጥሩ ማዶ ገና ቤት ያልተሠራባቸው የእርሻ ማሳዎች ይታያሉ። ባለቤቲቱ ስሙ በጽሑፍ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኔም አልጠቅሰውም፤ በሰፈሩ ግን «አረንጓዴው በር» ብሎ የጠየቀ ሰው መንገድ አይጠፋበትም። ልጄ ከነርሰሪ ጀምራ አሁን ኬጂ አንድ ስለደረሰች፣ ወላጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እንዲያዩ የሚፈቀድባቸውን ቀናት ተጠቅሜ ጠለቅ ብዬ ለመታዘብ ችያለሁ።

የሚቀበሉት ዕድሜያቸው 3 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ነው። በሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ስለሚቆይ፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩም ሆነ በቃሊቲ በኩል ወደ መሀል ከተማ ለሚመላለሱ ወላጆች ይመቻል። ክፍያው በወር 3,200 ብር ሆኖ በየሦስት ወሩ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ይህ አሰባሰብ ደመወዝተኛ ለሆነ ሰው ከባድ መሆኑን ለባለቤቲቱ የነገርናቸው ብዙ ነን፤ እስካሁን አልተለወጠም።

መዋዕለ ሕፃናት የሚመርጥ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የግድግዳውን ሥዕል፣ የዥዋዥዌውን ብዛትና እንግሊዝኛ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚሰጥ ነው። የእኔ መለኪያ ከዚህ ይለያል። የአራት ዓመት ልጅ ከሚነገረው ነገር ውስጥ ራሱ ሄዶ ሊያጣራው የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው። መሬት ክብ መሆኗን፣ በዓይን የማይታይ ጀርም የሚባል ነገር መኖሩን፣ እሱ ሳይወለድ በፊት አያቱ ልጅ እንደነበሩ የሚያውቀው ሰው ስለነገረው ነው። ሁሉም ሰው ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር አይነግረውም። እናት፣ ሞግዚት፣ የጎረቤት ልጅ፣ ቴሌቪዥንና ሚስ እርስ በርስ የሚጋጭ ነገር ሲነግሩት የማንኛውን መያዝ እንዳለበት የሚወስነው ራሱ ልጁ ነው። እንግዲህ መዋዕለ ሕፃናት ማለት ልጁ ይህን ውሳኔ ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ የሚውልበት ቦታ ነው ብዬ ስለማምን፣ ግቢውን የምመዝነውም በዚሁ ነው።

ልጅ የነገሩትን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሜሊሳ ኬኒግ፣ ፋብሪስ ክሌማንና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሃሪስ ባሳተሙት ጥናት፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ሁለት ሰዎችን እንዲያዩ ተደረገ። ልጆቹ ስሙን አሳምረው የሚያውቁትን ዕቃ አንደኛው ሰው በትክክለኛ ስሙ ሲጠራው ሌላኛው በተሳሳተ ስም ይጠራዋል። ቀጥሎ ልጆቹ አይተውት የማያውቁት ዕቃ ቀረበና ሁለቱም ሰዎች የተለያየ ስም ሰጡት። ማን የተሳሳተ እንደነበረ ለይተው ያወቁት ልጆች የአዲሱን ዕቃ ስም የተቀበሉት ቀድሞ ትክክል ከተናገረው ሰው ነበር። ማንም «ይህኛውን እመኑ» ብሎ አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ሲከታተሉ ቆይተው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ቡድን የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሁለቱ ዕድሜዎች መካከል ያለውን ልዩነት አሳየ፦ የአራት ዓመት ልጆች ሁለቱም ሰዎች ሲሳሳቱ እንኳ ማን ይበልጥ፣ ማን ያነሰ እንደተሳሳተ መዝነው የሚመርጡ ሲሆን፣ የሦስት ዓመት ልጆች የሚለዩት ግን አንደኛው ሰው ምንም ስሕተት ያልሠራ ሲሆን ብቻ ነበር።

ይህን ይዤ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ መጀመሪያ የታዘብኩት መምህራኑ ስሕተታቸውን የሚይዙበትን መንገድ ነው። በአንዱ ቀን የኬጂ አንድ መምህርት የእንስሳት ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች እያነሣች ስም ታስጠራ ነበር። ጥቁርና ነጭ ጠጕር ያለው፣ ጭራው ረጅም የሆነ እንስሳ ያለበትን ካርድ አንሥታ «ይህ ዝንጀሮ ነው» አለች። ልጆቹ ሊደግሙ ሲሉ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ቆም ብሎ፣ «ሚስ፣ ዝንጀሮ አይደለም፤ ጉሬዛ ነው። አያቴ አገር አይቻለሁ» አላት። መምህርቲቱ ካርዱን ገልብጣ ጀርባውን አነበበችና፣ «ልክ ነህ፣ እኔ ተሳስቼ ነው። ጉሬዛ ነው። በምን አወቅከው?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ስለ ጭራው ተናገረ፤ ሌላዋ ልጅ ስለ ጠጕሩ ቀጠለች፤ ክፍሉ በሙሉ ካርዱን ለማየት ተነሣ። መምህርቲቱ አልተቆጣችም፤ አላፈረችም፤ ይቅርታ በማብዛትም ነገሩን አላንዛዛችውም።

ብዙ ትምህርት ቤት ይህ አይፈጸምም። ትልቅ ሰውን ማረም ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ልጅ ሲያርመው «ዝም በል» ለማለት ይቀለዋል። ነገር ግን ልጁ ዝም ቢልም ያየውን አይረሳም። ቪክራም ጃስዋልና ሌስሊ ኒሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች ትልቅ ሰውና ልጅ እኩል ትክክል ሲሆኑ ትልቁን ሰው ቢመርጡም፣ ትልቁ ሰው ሲሳሳትና ልጁ ትክክል ሲሆን ግን አዲስ ቃል የሚወስዱት ከልጁ መሆኑ ታይቷል። ዕድሜ ይከበራል፤ ነገር ግን የትክክለኛነትን ቦታ አይተካም። ስለዚህ በካርዱ ጉዳይ መምህርቲቱ ብትቆጣ ኖሮ የምታገኘው ዝምታን እንጂ እምነትን አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። አንድ ሥጋት ግን አለኝ፦ ኬጂ አንድ ላይ የሚያምረው ይህ አካሄድ ነርሰሪ ላይ እንዲሁ ላይሠራ ይችላል። በጥናቱ እንደታየው የሦስት ዓመት ልጅ ስሕተትን ቆጥሮ ማመዛዘን ገና ስለማይሆንለት፣ የነርሰሪ መምህርት የምታውቀውን ብቻ፣ በደንብ ተዘጋጅታ ብታስተምር ይሻላል። በግቢው ነርሰሪ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ጥቂት፣ ተደጋጋሚና የተዘጋጀ በመሆኑ ባለቤቲቱ ይህን ሳያስቡበት አልቀሩም።

ከስሕተቱ ይልቅ የወደድኩት ግን «አላውቅም» የሚለውን ነው። ጓሮው በአጥር ቢከለልም ከማዶው ማሳ የሚበር ዘር እየበቀለበት፣ ልጆቹ ከዳር ያለውን ሣር እየነቀሉ ይጫወታሉ። አንዲት ልጅ ዘለላ ያወጣ ቀጭን አገዳ ይዛ መጥታ «ሚስ፣ ይህ ስንዴ ነው?» ብላ ጠየቀች። መምህርቲቱ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና፣ «እኔ አላውቅም። የከተማ ልጅ ነኝ። ማን የሚያውቅ ይመስላችኋል?» አለች። ከልጆቹ አንዱ ወዲያው «ጋሼ!» አለ፤ ዘበኛውን ማለቱ ነው። ዘበኛው ይህ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ በፊት እዚያው አካባቢ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። አገዳውን ተቀብለው በመዳፋቸው አጋድመው፣ ዘለላው ጠፍጣፋና የሳሳ መሆኑን፣ ፍሬዎቹም ግራና ቀኝ ተፈራርቀው በጠርዛቸው የቆሙ መሆናቸውን አንድ በአንድ እየነኩ አሳዩ። «ይህ እንክርዳድ ነው። ስንዴ፣ ቀመዲ፣ ወፍራም ነው፣ ይሞላል። ይህን ከስንዴ ጋር ፈጭቶ የበላ ራሱን ያዞረዋል» አሏቸው። ልጅቷ ለማረጋገጥ ወደ መምህርቲቱ አልተመለሰችም። አገዳውን ይዛ ወደ ጓደኞቿ ሮጣ፣ እንክርዳድ መሆኑንና መበላት እንደሌለበት ትነግራቸው ጀመር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይሠራል። አንደኛው፣ ልጆች የሚያውቅን ሰው ከማያውቅ ሰው የሚለዩት በስሕተቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ እውቀት በሚናገረውም መሆኑ ነው። ማርክ ሳባግና ዴር ባልድዊን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች አዲስ ቃልን እርግጠኛ ሆኖ ከሚናገር ሰው በተሻለ ይማራሉ፤ እያመነታ ከሚናገረው ሰው የሰሙትን ግን እንዲያ አይዙትም። ስለዚህ «አላውቅም» ያለች መምህርት ክብሯን አትጥልም፤ «አውቃለሁ» ባለችበት ጊዜ የምትናገረው ነገር ክብደት እንዲኖረው ታደርጋለች። ሁለተኛው፣ እውቀት በሰዎች መካከል የተከፋፈለ መሆኑን ልጆች ገና በጠዋቱ መረዳት መጀመራቸው ነው። ዶና ሉትዝና ፍራንክ ኪል እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት ጥናት፣ የሦስት ዓመት ልጆች እንኳ ስለ ስብራት ሐኪም፣ ስለ መኪና ደግሞ መካኒክ የበለጠ እንደሚያውቅ ይናገሩ ነበር። በዚህ ግቢ ልጆቹ ስለ ተክል ዘበኛውን፣ ስለ ምግብ ምግብ አብሳይዋን፣ ስለ ፊደል ሚስን ይጠይቃሉ። ይህን ያስተማራቸው የግድግዳ ጽሑፍ ሳይሆን፣ ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ማየታቸው ነው።

የዘበኛው ነገር በሌላ ምክንያትም ደስ ያሰኘኛል። አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ አማርኛቸው የራሱ ቃና አለው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሰፈረበት ሰፈር እንደመሆኑ፣ ከልጆቹም ግማሹ በቤቱ ሌላ ቋንቋ ወይም ሌላ ዘዬ ይሰማል። ካትሪን ኪንዝለር፣ ካትሊን ኮሪቮና ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች አንድ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ሲያሳዩአቸው እንኳ፣ ሰዎቹ በሚያሳዩበት ጊዜ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ቀደም ብለው የሰሙትን የአነጋገር ቃና አስታውሰው እንደ ራሳቸው የሚናገረውን ሰው ይከተሉ ነበር። ይህ ያሳስባል። ነገር ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ቃናንና ትክክለኛነትን ፊት ለፊት ሲያጋጥሟቸው፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ቃናውን ትተው ትክክል የተናገረውን ሰው መርጠዋል፤ የሦስት ዓመቶቹ ግን እንዲህ አላደረጉም። ከዚህ የምረዳው ልጆች ከቃና አድልዎ የሚወጡት ሌላ ቃና ያለው ሰው ትክክል ሲሆን ደጋግመው ለማየት ዕድል ሲያገኙ መሆኑን ነው። ዘበኛን በር ላይ ብቻ አስቀምጦ «ደህና ዋላችሁ» ከማስባል አልፎ የሚያውቀውን እንዲያስተምር የሚጋብዝ መዋዕለ ሕፃናት ይህን ዕድል በነጻ ይሰጣል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በአሜሪካ ልጆች ላይ ስለሆነ፣ ሁለትና ሦስት ቋንቋ እየሰሙ የሚያድጉት የእኛ ልጆች በዚህ ረገድ ይቀድሟቸው ይሆናል የሚል ግምት አለኝ፤ ግምት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ክፍያውን የሚያስከፍለው የመምህራኑ አለመቀያየር ነው። ልጄን ቀደም ብዬ አስገብቼባት በነበረ አንድ ሌላ ቦታ መምህርት በየጊዜው ትቀየር ስለነበር፣ ልጅቷ የአንዷን ስም ይዛ ሳትጨርስ ሌላዋ ትመጣ ነበር። በአረንጓዴው በር ግቢ ባለቤቲቱ ለመምህራን የክረምቱን ሁለት ወር ደመወዝ ይከፍላሉ፤ የነርሰሪ መምህርትም ልጆቹን ይዛ ወደ ኬጂ አንድ አብራ ታልፋለች። ይህ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ኮሪቮና ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ልጆች በቅድሚያ የሚያምኑት የራሳቸውን መምህርት መሆኑ ታይቷል። ይህ ዝምድና እንዴት እንደሚለወጥም አሳይተዋል፦ የምትታወቀዋ መምህርት ስትሳሳት አይተው እንኳ የሦስት ዓመት ልጆች ከእርሷ አልራቁም፤ የአምስት ዓመቶቹ ግን እምነታቸውን ቀንሰው ወደማያውቋት፣ ትክክል ወደተናገረችው ሴት ዞረዋል። በሌላ አነጋገር ለነርሰሪ ልጅ የመማሪያው በር የምትታወቀዋ ሰው ናት፤ እርሷ በተቀየረች ቁጥር ልጁ መዝኖ የሚመርጥበት ችሎታ ሳይደርስለት የሚይዘውን ሰው ያጣል። በነርሰሪ ዓመት ልጄ ከቤት የሰማችውን ነገር ሁሉ «ሚስ እንዲህ ነው ያለችው» እያለች ታፈርስብን ነበር፤ ባለቤቴ እስኪከፋት ድረስ። አሁን «ሚስ እንዲህ አለች፣ አንቺ ግን እንዲህ አልሽ፤ የማን ነው ልክ?» ማለት ጀምራለች።

በኅብረት የመጮህ ነገር በዚህ ግቢም አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ፊደልና ቁጥር በአንድ ድምፅ ይባላል፤ ድምፁ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ይሰማል። ይህ ለማስታወስ የሚረዳ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ኮሪቮና ባልደረቦቿ በዚያው እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ ትንንሽ ልጆች ብዙ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክትና አንድ ሰው ብቻ ሲለይ፣ ወደ ብዙኃኑ ከማዘንበላቸውም በላይ ቆይቶም ያንን የተለየ ሰው ለማመን ያመነታሉ። የኬጂ ሁለቱ ክፍል ግን ይህን ሳይረዳ ቀርቷል ብዬ አምናለሁ፤ እዚያ የተሳሳተ ልጅ በክፍሉ ሁሉ «አይ-ደ-ለም!» ይባልበታል፤ ትክክል ሆኖ ብቻውን የተለየ ልጅ ቢኖርም ዕጣው ያው ነው። በዚህ ረገድ የድሮው የቄስ ትምህርት ቤት የተሻለ ዘዴ ነበረው። እዚያም ጩኸት ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ በየተራው የኔታ ፊት ቀርቦ ብቻውን ያነብባል፤ ፊደል የለየው ተለቅ ያለ ልጅ ደግሞ ለጀማሪው ያስጠናዋል። ግቢው የኋለኛውን ወስዶታል፦ ዓርብ ከምሳ በኋላ የኬጂ ሁለት ልጆች ከነርሰሪዎቹ ጋር ተቀላቅለው ጨዋታ ያስተምሯቸዋል። ይህ ጥሩ ነው፤ ልጆች ስለ መጫወቻ ከትልቅ ሰው ይልቅ ልጅን መጠየቅ እንደሚመርጡ፣ ስለ ምግብ ግን ትልቅ ሰውን እንደሚጠይቁ የታወቀ ነውና።

ሁለተኛው ክፍል ጥግ ላይ ያለውን የእንጨት ሣጥን ማየት ለሚፈልግ ወላጅ እመክራለሁ። የሠራው የሰፈሩ አናጢ ሲሆን፣ መቀርቀሪያ፣ ማጠፊያ፣ ከውስጥ የተሰቀለች ቃጭል፣ ትንሽ መስታወትና የሚሽከረከር ጎማ አለው። መምህርቲቱ ሣጥኑን አምጥታ ስታስቀምጥ «ይህ እንዴት እንደሚሠራ እስቲ እዩት» ብቻ ብላ ትሄዳለች። ኤሊዛቤት ቦናዊትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ ላይ፣ ብዙ ነገር የሚሠራ መጫወቻ ቀርቦ መምህር ሆኖ የቀረበ ሰው አንዱን አሠራር ሆን ብሎ ሲያሳያቸው፣ ልጆቹ ያንኑ ብቻ እየደጋገሙ የቀረውን ሳያገኙት ይቀራሉ። ምክንያቱም ሌላ ነገር ቢኖር ኖሮ ያሳየኝ ነበር ብለው ያስባሉ። መምህርን ማመን እንዲህም ያስከፍላል። ሣጥኑ ላይ ያየኋት አንዲት ልጅ መቀርቀሪያውን ከፍታ፣ ቃጭሏን አግኝታ፣ ከዚያ ሣጥኑን ዘቅዝቃ ከሥሩ ምን እንዳለ ትፈትሽ ነበር። ከሥሩ ምንም የለም፤ ቢሆንም መፈተሿን ማንም አላስቆማትም።

ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ። ትልቁ ጉድለት እንግሊዝኛው ነው። የሚሰጠው በተለየ አስተማሪ ሲሆን፣ እርሱ ከዚህ ሁሉ ልማድ ውጪ ይመስላል፦ ጥያቄ አይቀበልም፤ ፈረንጅ ለመምሰል ድምፁን ይለውጣል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቁጥር ፖስተር የፊደል ግድፈት እያለበት ልጆቹን ያስደግምበታል። ስለ ፖስተሩ ለአስተዳደሩ ተናግሬ «ከመርካቶ የተገዛ ነው፣ ሌላ አይገኝም» ተብያለሁ። ይህ መልስ አያጠግብም፤ በስክርቢቶ ማረም ይቻል ነበርና። ወላጆች እንግሊዝኛውን አጥብቀው ስለሚጠይቁ ባለቤቲቱ እንደተቸገሩ ይገባኛል። ቢሆንም በአማርኛው ክፍል የተገነባውን ነገር በእንግሊዝኛው ክፍል ማፍረስ ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ የሚዘገዩ ወላጆችን ልጆች አንድ ክፍል ሰብስበው የተጫነ የካርቱን ፊልም ይከፍቱላቸዋል። የደከመች ሞግዚት ብቻዋን ያን ሁሉ ልጅ መያዝ እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጓሮው ባዶ ሆኖ፣ ዘበኛው በር ላይ ቁጭ ብለው፣ ልጆቹ መልሶ ሊጠይቁት በማይችሉት ነገር ፊት መቀመጣቸው ያሳዝናል። ለወላጅ የሚላክ የመገናኛ ደብተርም የለም፤ ስለ ልጁ ውሎ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በር ላይ መምህርቲቱን ቆሞ መጠየቅ አለበት፤ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ይቸኩላል።

ምሳ ከቤት ይቋጠራል፤ ከፈለጉ ተጨማሪ ከፍለው እዚያው የሚበስለውን ማስበላት ይቻላል። ምስር ወጡና ፓስታው ንጹሕ ነው፤ በጾም ቀን የጾም፣ በፍስክም የፍስክ ይቀርባል፤ የሙስሊም ቤተሰቦች ልጆችም ተለይተው አይታዩም። መጸዳጃው ለልጅ ቁመት የተሠራ ነው። ውኃ በሚጠፋበት ሳምንት ሮቶው እስኪሞላ የሚቸገሩ ቢሆንም ይህ የሰፈሩ ሁሉ ችግር ነው። ሰርቪስ የላቸውም። በክረምት በሩ ፊት ያለው ኮረኮንች ስለሚጨቀይ ልጅን አዝሎ መግባት ግድ ይላል።

በአጠቃላይ አያያዝ ቦታውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለኬጂ ሁለት ግን ወላጁ አስቀድሞ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ቢያይ ይሻላል፤ ምክንያቱም በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው የአሠራር ልዩነት ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ቢያለቅስ እናት ወይም አባት ጓሮው ውስጥ እንዲቆዩ ይፈቀዳል፤ ይህን የሚከለክሉ ብዙ ስለሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እንግሊዝኛ እንዲቀድምለት የሚፈልግ ወላጅ ግን እዚህ ገንዘቡን ባያወጣ ይመረጣል።

አዲስ ልጅ የሚመዘገበው ነሐሴ ላይ ነው። የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርድና የልጁ ሁለት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ነርሰሪ ክፍል ቶሎ ስለሚሞላ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሄዶ ስም ማስያዝ ይሻላል፤ ባለቤቲቱ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሮ አይጠፉም።